ከኋላ ወንበር የሚነበብ ስላይድ እንዴት ይሠራል?

ሰኔ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ የእኔ በር አይዘጋም። ተመራቂ ተማሪዎች የዲፌንስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለፈታኞች የሚያቀርቡበትን ስላይድ ይዘው ይመጣሉ። የወረዳ ባለሙያዎችም የዓመቱን ሪፖርት ለማቅረብ ሽር ጉድ ይላሉ። ላፕቶፑን ከፍተው “እስኪ ይዩልኝ” ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ከወርድ ተገልብጦ የተለጠፈ ሪፖርት ነው። ፊደሉ ጤፍ ያክላል። ይህ ስላይድ አዳራሽ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አቅራቢው ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ያነበንባል። ሰውም ስልኩን ይነካካል።

ሁሌም ያሳዝነኛል። ሰዎቹ ሥራቸውን አሳምረው ያውቁታል። ማሳ ለማሳ ሲዞሩ፣ ጭቃ ሲረግጡ የከረሙ ናቸው። ያ ሁሉ ልፋት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከማንም ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል።

ስላይድ የሚሠራው የመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ካነበበው ሁሉም ያነበዋል። እሱ ከገባው ሁሉም ገብቶታል። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ያስተማረኝ ያ ወንበር ነው።

ነገሩ እንዳይደበላለቅብን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የወረዳ ግብርና ባለሙያ ስለ አሲዳማ አፈር ልታቀርብ ነው እንበል። ጎጃም ውስጥ ይህ ጉዳይ ለማንም እንግዳ አይደለም። ደጋው ላይ ዝናቡ ብዙ ነው። ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ይወስደዋል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ይታሰርና ሰብሉ አያገኘውም። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ምርቱ ግን ያው ነው። አንዱ መፍትሔ ኖራ ነው። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ያላት ጊዜ ግን 15 ደቂቃ ነው።

ላፕቶፑን ገና አትክፈቱ

ፓወርፖይንት ሲከፈት “ርዕስ እዚህ፣ ነጥብ ነጥቡን እዚህ” የሚል ሳጥን ይቀበለናል። እጃችን ታዞ ይሞላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ከላይ ይህን ጻፉ፦ “ንግግሬን ስጨርስ ሰሚዬ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው?” መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ባለሙያዋ ፊት የሚቀመጡት የወረዳው ካቢኔ አባላት ከሆኑ መልሷ “ለመጪው ዓመት የኖራ ማጓጓዣ በጀት እንዲያጸድቁ” ሊሆን ይችላል። ገበሬዎች ከሆኑ “ከመዝራታቸው በፊት አፈራቸውን እንዲያስመረምሩ” ነው። ርዕሱ አንድ ነው። ስላይዱ ግን ሁለት የተለያየ ስላይድ ነው። ካቢኔው የሚፈልገው ስንት ብር እንደሆነ ማወቅ ነው። ገበሬው የሚፈልገው መቼና ምን ያህል የሚለውን ነው። የአንዱን ለሌላው ይዞ መቅረብ የሁለቱንም ቀን ያበላሻል።

ከዚያ ወረቀቱን ስምንት ቦታ ቁረጡት። አንድ ቁራጭ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይጻፍ። ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገራችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። “ስለዚህ” ወይም “ግን” ብላችሁ መሻገር ከቻላችሁ ሐሳቡ ተያይዟል። “በተጨማሪም፣ በተጨማሪም” እያላችሁ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ የያዛችሁት ዝርዝር ነው፣ ዝርዝር ደግሞ ሰው አያስታውስም። ቁራጮቹን አገላብጧቸው። የሚጣል ካለ ጣሉ። ወረቀት መጣል አያሳሳም። ቀለም ተቀብቶ፣ ፎቶ ገብቶበት ያለቀ ስላይድ መጣል ግን በጣም ያሳሳል።

ስንት ስላይድ ይበቃል? ቁርጥ ያለ ሕግ የለውም። እኔ ለ15 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ስላይድ ይመቸኛል። አንዱ ላይ ሁለት ደቂቃ ትቆማላችሁ፣ ሌላውን በ20 ሰከንድ ታልፋላችሁ። 40 ስላይድ ይዞ “ጊዜ ስለሌለ ቶሎ ቶሎ ላሳልፈው” የሚል ሰው ግን ሰሚውን ገና ድሮ ሸኝቶታል።

ለዲፌንስ ለምትዘጋጁ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ግማሹን ጊዜ መግቢያውና የቀደሙት ጥናቶች ላይ አትጨርሱት። ፈታኞቻችሁ ጽሑፉ በእጃቸው ነው። እናንተ ራሳችሁ ምን አገኛችሁ? እሱን ነው መስማት የሚፈልጉት።

ርዕሱ ራሱ ይናገር

“የአፈር አሲዳማነት ሁኔታ።” እንዲህ ያለ ርዕስ በየቀኑ አያለሁ። ሁኔታው ምንድን ነው? ጨመረ? ቀነሰ? ማንን ጎዳ? ርዕሱ መልስ የለውም። ሰሚው ከታች ያለውን ሁሉ አንብቦ ራሱ እንዲደርስበት ይገደዳል። እያነበበ ደግሞ እናንተን አይሰማም። ሰው አንድ ነገር እያነበበ ሌላ ነገር ማዳመጥ አይሆንለትም።

ርዕሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት፦ “ማዳበሪያ ጨምረን ምርቱ ያልጨመረው አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ነው።” ዘግይቶ የገባ ሰው እንኳ ይህን አንብቦ ነገሩ የት እንደደረሰ ይረዳል።

“ረጅም አይሆንም ወይ?” ይሉኛል። ከሁለት መስመር አይለፍ። እዚህ አገር ቅኔ ቤት የገባ ሰው ጉባኤ ቃናን ያውቃታል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ባለቅኔው በሁለት ቤት አንድ ሙሉ ሐሳብ ይጨርሳል። ለአንድ ስላይድ ርዕስ ሁለት መስመር ከበቂ በላይ ነው።

ሁሉንም ርዕስ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ርዕሶቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። እንደ አንድ አጭር ወሬ ከተያያዙ የከበደው ሥራ አልቋል። ካልተያያዙ ወደ ወረቀቶቹ ተመለሱ።

አንድ ስላይድ ፈትተን እንሥራ

ባለሙያዋ ያመጣችው ስላይድ እንዲህ ያለ ነው እንበል። ርዕሱ “የአፈር አሲዳማነት መንስኤ፣ ጉዳትና መፍትሔ” ይላል። ከሥሩ ሰባት ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት መስመር ነው። ሁለተኛው፣ ፒኤች ስለሚባለው የአሲዳማነት መለኪያ፣ እንዲህ ይነበባል፦ “የአፈር አሲዳማነት ማለት የአፈር ፒኤች መጠን ከ7 በታች መሆን ሲሆን በተለይም ከ5.5 በታች በሚሆንበት ወቅት በሰብል ምርታማነት ላይ ከፍተኛ አሉታዊ ተጽዕኖ የሚያሳድር መሆኑ።” ከጽሑፉ ጀርባ አረንጓዴ የማሳ ፎቶ አለ። ጥግ ላይ ሎጎ፣ ሌላው ጥግ ላይ ቀን፣ ግርጌው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም።

መጀመሪያ ርዕሱን እዩት። መንስኤ፣ ጉዳት፣ መፍትሔ። ሦስት ነገር አለው። ስለዚህ ሦስት ስላይድ ነው።

አንደኛው ስላይድ ቅድም ያልነው ርዕስ ይሰጠዋል። ከሥሩ አንድ ፎቶ ብቻ። ከአሲዳማ ማሳና በኖራ ከታከመ ማሳ የተነቀሉ ሁለት የስንዴ ቡቃያዎች፣ ሥራቸው ታጥቦ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው። አንደኛው ሥር አጭርና ደንዳና ነው፣ ሌላው ረጅምና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው። ገበሬ ይህን አይቶ ማብራሪያ አይጠይቅም። አሉሚኒየም የሚለውን ቃል በአፍ ትናገረዋለች።

ሁለተኛው ስላይድ “ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ሰብሉ ይጎዳል” ይላል። ከሥሩ አግድም የተዘረጋ አንድ መስመር፣ ከ4 እስከ 9 ቁጥር ያለበት። 7 ላይ “መካከለኛ” ይባል። ከ5.5 በስተግራ ያለው ክፍል በቀይ ቡናማ ይቀለም። ከዚያ የራሷ ቀበሌዎች የምርመራ ውጤት በጥቁር ነጥብ መስመሩ ላይ ይቀመጥ። ካቢኔው ነጥቦቹ የት እንደተከማቹ በአንድ ዓይን ያያል። ያ የሁለት መስመር ዓረፍተ ነገር ሥዕል ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው “ኖራው ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል” የሚል ነው። ከሥሩ ሦስት ሳጥኖች፦ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ግንቦት ሥር “ኖራ”፣ ሰኔ መጨረሻ ሥር “ዘር”። ምን ያህል ኖራ? እሱ በየማሳው የአፈር ምርመራ ይለያያል። ስለዚህ ስላይዱ ላይ አንድ ቁጥር ለጥፎ ሰው እንዳይሳሳት በቃል ይነገር፣ ዝርዝሩም በወረቀት ይታደል።

የቀረው ጽሑፍስ? አይጣልም። ፓወርፖይንት ከእያንዳንዱ ስላይድ ግርጌ “ኖትስ” የሚል ቦታ አለው። ስላይዱ ሲታይ ሰሚው አያየውም። ትርጓሜው፣ ምንጩ፣ የምትረሱት ቁጥር እዚያ ይግባ። ለሰው የሚሰጥ ሰነድ ካስፈለገ ለብቻው በወርድ ይዘጋጅና ንግግሩ ሲያልቅ ይታደል። ቀድሞ ከታደለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ሲያነብ ለማንም አትናገሩም።

ሎጎው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስላይድ ላይ ይበቃዋል። የጀርባ ፎቶው ይውጣ። ጽሑፍ ፎቶ ላይ ሲወጣ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው

ስለ ስላይድ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው የታሰበ ነው። እኛ ካፒታል ፊደል የለንም። የተጋደመ ፊደልም ከአጻጻፋችን የለም። ኮምፒውተሩ አማርኛውን ገፍቶ ሲያጋድመው ያስጠላል፣ ለማንበብም ያስቸግራል። ማጉላት የፈለጋችሁትን ቃል በደማቅ ፊደል ወይም በአንድ የተለየ ቀለም አሳዩት። ሁለቱንም አንድ ላይ አትጠቀሙ፣ ሥሩንም አታስምሩ።

ፎንት ሲመረጥ የምመለከተው ሁለት ነገር ነው። ደማቅ ቅርጹ እውነተኛ ነው ወይ? ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል ወይ? ኒያላ ውብ ፎንት ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ነው፣ በተመሳሳይ ቁጥርም ከሌሎቹ አንሶ ይታያል። ደማቅ ቅርጽም የለውም። ደማቅ ሲባል ኮምፒውተሩ ራሱ ያወፍረዋል። ለመጽሐፍ ይሁን፣ ለአዳራሽ አልመርጠውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይወርዳል። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ብዙ ቅርጽ አለው። የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ኢብሪማ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አማርኛን ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁ ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩ ስላይድ ላይ አትለጥፉት። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

መጠኑስ? እኔ ከ28 በታች አልወርድም፣ ርዕስ ደግሞ ከ36 እስከ 44። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ይህን ሙከራ እመኑ። አዳራሹ ውስጥ ያለው የፕሮጀክተር ምስል 2 ሜትር ስፋት አለው እንበል። የመጨረሻው ወንበር 12 ሜትር ይርቃል። ርቀቱ የምስሉን ስፋት ስድስት እጥፍ ነው። የላፕቶፓችሁ ስክሪን 34 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ስድስት እጥፉ 204 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ስላይዱን ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይ ክፈቱት፣ ተነሡና ሁለት ሜትር ራቁ። እዚያ ሆናችሁ የምታዩት የኋላ ወንበር ሰው የሚያየውን ነው። ዓይናችሁን ካጠበባችሁ ፊደሉ አንሷል። ይህን ከባለሙያዎች ጋር ስሞክረው ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይቆርጣሉ።

ትንሽ የምትመስል ግን ገጽ የምታበላሽ ነገር አለች። ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነው የሚጽፈው። ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት አድርጎ ስለሚያየው መስመር ሲሞላ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ሊያስቀረው ይችላል። አራት ነጥብ በፊደል ሰሌዳው ላይ ለብቻው አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ከአራት ነጥብ በፊትም ባዶ ቦታ አታስገቡ፣ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ርዕስ ላይ ከነጭራሹ ባይኖርም ምንም አይደል።

ርዕስ ለሁለት ሲከፈል የት እንደሚከፈል እናንተ ወስኑ። “27” አንድ መስመር ላይ፣ “ኩንታል” ቀጣዩ ላይ አይሁን። መክፈል የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ ኢንተር ምቱ።

ቀለም

ከጀርባው ጋር ሦስት ቀለም ይበቃል። ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጽሑፍ፣ አንድ ማጉያ ቀለም። የእኛ አዳራሾች መስኮታቸው ብዙ ነው፣ መጋረጃ ብዙውን ጊዜ የለም። የቀን ብርሃን ሲገባ ጥቁር ጀርባ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ በላዩ ያለው ቀጭን ጽሑፍም ይጠፋል። ነጩ የተሻለ ይቋቋማል።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንወዳለን። ነጭ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ግን አይነበብም። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም አሉ፣ በተለይ ወንዶች ላይ ይበዛል። “ቀዩ መጥፎ፣ አረንጓዴው ጥሩ” ከማለት በቃል ጻፉበት።

ቁጥር ሲበዛ

የወረዳ ሪፖርት ላይ ሠንጠረዥ አይቀርም። ዘጠኝ ቀበሌ፣ ስድስት ዓምድ፣ 54 ቁጥር። አቅራቢው “እንደምታዩት” ይላል። ማንም አያይም።

ሠንጠረዡን ያዙና “ከዚህ ሁሉ የምናገረው ስለየትኛው ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ነው። እነሱን ብቻ ግራፍ አድርጉ። ሙሉው ሠንጠረዥ በሚታደለው ወረቀት ላይ ይግባ።

ለማሳያ ያህል፣ ኖራ ያልተጨመረበት ማሳ በሄክታር 18 ኩንታል፣ የተጨመረበት 27 ኩንታል ሰጠ እንበል። ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው ግራፍ ይበቃል። ፓወርፖይንት ሲሠራላችሁ ብዙ ኮተት አብሮ ያመጣል። አንድ በአንድ አውጡት። የጀርባውን መስመሮች ሰርዙ። ጎን ላይ ያለውን የቀለም መፍቻ ሰርዙና ስሙን ከዓምዱ ሥር ጻፉ። ቁጥሩን ዓምዱ ጫፍ ላይ አስቀምጡ፣ ያኔ በግራ በኩል ያለው የቁጥር መሰላልም አያስፈልግም። ኖራ ያልተጨመረበትን ግራጫ፣ የተጨመረበትን በማጉያ ቀለማችሁ ቀቡ። ሳጥን መስሎ የሚቆም ባለ ጥልቀት ግራፍ አትምረጡ። የዓምዱ ጫፍ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ግራፉ ከዜሮ ይጀምር። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። መሰላሉ ከ15 ቢጀምር የ18ቱ ዓምድ ቁመት 3፣ የ27ቱ 12 ይሆናል። ዓይን የሚያየው አራት እጥፍ ነው። እውነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ገበሬው አራት እጥፍ ጠብቆ ኖራ ከጨመረ በኋላ አንድ ተኩል ቢያገኝ ውሸታም ነው የሚላችሁ፤ እውነትም አለው። አንድ ተኩሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ መነፋት አያስፈልገውም።

መለኪያውንም በሰሚው አፍ አድርጉት። ለካቢኔው በሄክታር ተናገሩ። ገበሬ የሚያስበው በጥማድ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ስለሆነ የ9 ኩንታሉ ልዩነት በጥማድ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመጣል። “ከአንድ ጥማድ ሁለት ኩንታል ተጨማሪ” ሲባል ሰው ቀና ይላል።

የዘመን አቆጣጠር ሌላው ወጥመድ ነው። የምርት መረጃችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የዝናቡ መረጃ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ይመጣል። የ2017 የምርት ዘመን በእነሱ 2024/25 ነው። አንድ ግራፍ ላይ ሁለቱን ሳትቀይሩ ካስቀመጣችሁ ምርቱና ዝናቡ በሰባትና ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። አንዱን ምረጡ፣ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ብላችሁም ጻፉ።

ካርታ ላይም ያው ነው። ስለ ጮቄ ተራራ ተፋሰስ የሚያጠና ተማሪ የቀበሌ ስሞች እንደ ጉንዳን የፈሰሱበት ካርታ ይዞ ይመጣል። የምትናገረው ስለ ጨሞጋ ወንዝ ከሆነ የተራራውን ጫፍ፣ የጨሞጋን መስመርና ደብረ ማርቆስን ብቻ አስቀር። ሙጋም ሱሃም ከዚያው ተራራ ይነሣሉ፣ ግን የዛሬው ወሬ ስለ እነሱ አይደለም።

ፎቶና እንቅስቃሴ

ከኢንተርኔት ከወረደ የአውሮፓ ስንዴ ማሳ ይልቅ በስልክ የተነሣ የራሳችሁ ማሳ ይበልጣል። ስልኩን አግድም ያዙት፣ ጠዋት ወይም ወደ ማታ አንሡ፣ ለመጠን የሚያስረዳ እጅ ወይም ማጭድ ጎኑ ይኑር። ሰው ካለበት ፈቃዱን ጠይቁ። ፎቶውን ስታሰፉ ሁልጊዜ ጥጉን ይዛችሁ ጎትቱ። ጎኑ ከተጎተተ ሰውየው ይወፍራል ወይም ይቀጥናል፤ ይህ ደግሞ ለሰውየው ክብር አይደለም።

ፊደል እየተሽከረከረ የሚገባበት እንቅስቃሴ ይቅር። ነጥቦችን አንድ በአንድ ማሳየት ካስፈለገ “አፒር” የሚባለው ብቻ ይበቃል።

ሁሉንም አንድ ቦታ አስተካክሉ

በየስላይዱ ፎንት መቀየር ጊዜ ይበላል፣ አንዱም ይረሳል። “ቪው” ውስጥ “ስላይድ ማስተር” የሚል አለ። እዚያ የርዕሱን ፎንት፣ መጠን፣ ቀለምና ቦታ አንዴ ወስኑ። ሁሉም ስላይድ ይታዘዛል። ርዕሱ ሁሌ አንድ ቦታ ከግራ ይጀምር። ስላይድ ሲገላበጥ ርዕሱ ከቦታው ካልዘለለ ሰሚው ዓይኑን የት እንደሚጥል ያውቃል።

ወደ አዳራሽ ከመሄዳችሁ በፊት

ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ለሥልጠና ተጋብዤ ሄድኩ። ስላይዴን በፍላሽ ብቻ ይዤ ነበር። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ስልሳ ሰው እያየኝ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያለ ስላይድ ተናገርኩ። ከመካከላቸው ከሩቅ ወረዳ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ነበሩ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላደርግ ከቤት አልወጣም።

“ፋይል”፣ ከዚያ “ኦፕሽንስ”፣ ከዚያ “ሴቭ” ውስጥ ግቡ። ግርጌው ላይ “ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል” የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ያንኑ ስላይድ በፒዲኤፍም አስቀምጡ። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይቆያል። ሁለቱን በፍላሽ፣ በኢሜይልና በስልካችሁ ቴሌግራም ላይ አኑሩ። ፍላሽ ኮፒ ቤት ሲገባ ቫይረስ ይዞ ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

ኤልሲዲው (ፕሮጀክተሩ) ምን ዓይነት ገመድ እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ። የድሮው ቪጂኤ ይፈልጋል፣ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪጂኤ የለውም። መቀየሪያዋ ትንሽ ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ትኑር። ምስሉ ካልወጣ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ የፒ (P) ቁልፍን ምቱና “ዱፕሊኬት” የሚለውን ምረጡ።

መብራት ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ርዕሶቹን ብቻ በተራ ጽፋችሁ ያዙ። ርዕሶቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆኑ ያለ ኤልሲዲም ንግግሩን ይሸከማሉ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፃችሁ አይሰማም። ያኔ ትንሽ ዝም በሉና ስላይዱ ራሱ ይናገር። ይህም ርዕሱ የሚናገር ከሆነ ነው።

እየተናገራችሁ ሰው ወደ እናንተ እንዲያይ ከፈለጋችሁ የቢ ቁልፍን ምቱ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። እንደገና ስትመቱት ይመለሳል። አንድ ሰው “ስላይድ ሰባትን መልሰው” ቢላችሁ 7ን መትታችሁ ኢንተር በሉ። ሁሉንም እያገላበጣችሁ ወደኋላ መሮጥ የለም።

ከዋዜማው ማታ ለአንድ ሰው አቅርቡለት። የሙያ ጓደኛ ባይሆን ይሻላል። እህት፣ የቤት አከራይ፣ ማንም ይሁን። ስትጨርሱ “ወደድከው?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ምን ትዝ ይልሃል?” በሉት። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የጻፋችኋትን ያቺን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል ከመለሰላችሁ ተኙ። ሌላ ነገር ከነገራችሁ የትኛው ስላይድ ላይ እንደተሳሳተ ጠይቁትና እሱን አስተካክሉ።

ጠዋት አዳራሹ ሳይሞላ ግቡ። ስላይዱን ክፈቱና የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ሄዳችሁ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል? ከፊት የሚቀመጠው ሰው ራስ የታችኛውን መስመር ይከልላል? የማትነበብ ቃል ካለች ተነሥታችሁ አሳድጓት።